በፖሊሽ የጠፋው ጭረት

«መኪና የሚያሳምር አንድ ሰው ነበረ።»

የኔታ ልሣነወርቅ መልሳቸውን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ጌታሰው ልጅ ሳለ ፊደል ያስቆጠሩት የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ አሁን እሱም በተራው አስተማሪ ሆኗል። የመጣው ጥያቄ ይዞ ነበር። የአክስቱ ልጅ ሚስቱን ደብድቦ ክንዷን ሰብሯታል፤ ሴትየዋም ወላጆቿ ቤት ገብታለች። ሁለቱም ቤተሰቦች ነገሩ በዓሉ ሳይደርስ እንዲያልቅ ፈልገው ሽማግሌ መርጠዋል። ጌታሰውም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኖ እንዲቀመጥ ተለምኗል። እንዲህ ላለ ነገር ሲጠራ የመጀመሪያው ነው።

«የኔታ» ብሎ ነበር የጠየቃቸው፣ «እሱ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው ይላል። ወላጆቿም እንደዚያው እንበል ተባብለዋል። እውነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ማንም ሊያነሣው አይፈልግም። ማን ምን አደረገ የሚለውን ትተን፣ በቃ ይቅር ተባባሉ ብለን ብናስማማቸው ምን ክፋት አለው? ዋናው ሰላሙ አይደለም?»

የኔታ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ ነው ስለዚያ ሰው ያወሩለት።

ሰውየው የሚኖረው አውራ ጎዳና መሃል ለመሃል በሚያቋርጠው ከተማ ነበር። ሞተር አይነካም፤ የተጨፈለቀ ብረትም አያቃናም። ሥራው ፖሊሽ ብቻ ነው። መኪና በቆሸሸ ጨርቅ ሲታጠብ፣ ጨርቁ ላይ ያለው አሸዋ ቀለሙን ይቧጥጠዋል። ጥላ ሥር ስታየው ምንም የለበትም። ፀሐይ ላይ ስታወጣው ግን ክብ ክብ ጭረት እንደ ሸረሪት ድር ወርሶት ታገኘዋለህ። ያንን ድር እንደዚህ ሰው አድርጎ የሚያጠፋ በአገሩ አልነበረም።

እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃለህ? ጭረቱ አይሞላም። የሚፋቀው በዙሪያው ያለው ደህናው ቀለም ነው፤ ጭረቱ እስከ ደረሰበት ጥልቀት ድረስ በማሽን ይፋቃል። ያን ጊዜ ሁሉም እኩል ዝቅ ይላል፤ ብርሃኑም የሚይዘው ጠርዝ ያጣል። ጭረቱ ለቀቀ ይባላል። የለቀቀው ግን ቀለሙ ነው።

ከዚህ ሰው ሱቅ ፊት ያለውን መንገድ የምትጠርግ አንዲት ሴት ነበረች። የሌሎቹን ሰዎች ስም ባታውቀው ምንም አይደለም። የእሷን ስም ግን ያዝ፤ ዘውድነሽ ትባላለች። ገና ሳይነጋ ብርቱካናማ ሰደርያዋን ለብሳ ትወጣለች። ከድልድዩ ጀምራ እየጠረገች መጥታ፣ ጎሕ ሲቀድ የእሱ ሱቅ በር ላይ ትደርሳለች። እዚያ እጅ እግሯን ትታጠባለች፤ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብላም ዳቦዋን ትበላለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት።

«ያንተ ሥራ ደግ ነው» ትለው ነበር። «አንተ ያሳመርከው እስኪመሽ እንዳማረ ይውላል። የኔ ገና ጀርባዬን ሳዞር ነው የሚቆሽሸው።»

«ታዲያ እንቀያየራ፣ እትዬ ዘውዴ» ይላታል።

«አንተን ማን በሌሊት ይቀሰቅስሃል!»

ይሳሳቃሉ። ዝምድናቸው ይኸው ነበር፤ ትንሽ ግን አይደለም። ሲታመም አጥሚት አፍልታ ያመጣችለት እሷ ነበረች።

አንድ ማለዳ ዘውድነሽ ሳትመጣ ቀረች። እሷ በምትደርስበት ሰዓት የመጣው አንድ ሀብታም ነጋዴ ነው። ከተማው የሚያከብረው ሰው ነበር፤ ለችግረኛ እጁ የሚፈታ፣ ለቅሶ ቤት የማይቀር፣ ልጆች በመንገድ ሲያዩት ሮጠው የሚስሙት። ሌላ ጊዜ መኪናውን የሚያመጣው ሾፌሩ ነው። ያን ዕለት ግን ራሱ እየነዳ መጣ።

መኪናው ጥቁር ነበር። በቀኙ በኩል፣ ከፊት መብራቱ ተነሥቶ እስከ በሩ የሚደርስ ረጅም ጭረት አለበት። ስፖኪዮውም ወደ ኋላ ታጥፏል።

«አጥር ነካኝ» አለ ነጋዴው። «አሁኑኑ አጥፋልኝ፤ እንግዳ አለብኝ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰው። ረጅም ነው እንጂ ጥልቅ አልነበረም፤ በፖሊሽ ይለቃል። የመብራቱ ጠርዝ ላይ ግን የሆነ ጨርቅ ተሰንቅሮ ነበር። ጎትቶ አወጣው። ብርቱካናማ ነው።

«ይሄስ ምንድን ነው ጋሼ?»

«አጥሩ ላይ ልብስ ተሰጥቶ ነበር።»

ሰውየው ጨርቁን ለአንድ አፍታ በእጁ ያዘው። ልቡ አንድ ነገር ሊለው ነበር፤ አልሰማውም። ወደ እጣቢው ውኃ ወረወረው። ከዚያ መኪናውን አጠበ፣ ስፖኪዮውን አቃና፣ ማሽኑን ሰክቶ ከበሩ በኩል ጀመረ። ነጋዴው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሌላ ጊዜ ትቶ ይሄድ ነበር፤ ያን ዕለት አልሄደም።

በሩ ካለቀ በኋላ፣ ወደ መብራቱ ያለው ገና ሳይነካ፣ ጎረቤቱ ጎሚስታ እየሮጠ መጣ።

«ኧረ ሰምተሃል? እትዬ ዘውዴን ድልድዩ ሥር ቦይ ውስጥ አገኟት! ወገቧ ተሰብሯል መሰለኝ፣ መንቀሳቀስ አቅቷታል። መኪና ነው የገጨኝ ትላለች!» ይህን ተናግሮ የሚሸከሙ ሰዎች ሊፈልግ ወደ ገበያው ሮጠ።

ሰውየው ማሽኑን አጠፋ።

ቀና ሲል ነጋዴው ዓይን ዓይኑን እያየው ነበር። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ጨርስልኝ» አለ ነጋዴው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጨርስልኝና ራሴ ሄጄ አያታለሁ። አሳክማታለሁ። በልጆቼ እምልልሃለሁ፣ ምንም አይጎድልባትም።»

ጌታሰው፣ ልብ ብለህ ስማኝ። ይህ ሰው ክፉ አልነበረም። ያን ጊዜ ያሰበውም ሰው ሁሉ የሚያስበውን ነው። እንዲህ አለ በልቡ፦ ይሄ ሰው ቢታሰር ወገቧ አይጠገንም። ካልታሰረ ግን ያሳክማታል። እኔ ፖሊሽ ሥራ ተባልኩ እንጂ ፍረድ አልተባልኩም። ነገር ቢነሣ ከተማው በሁለት ወገን ሊጣላ ነው። በሰላም ቢያልቅ ለእሷም ይሻላታል። እንዲህ አለ። ፈርቶም ነበር፤ ፍርሃቱን ግን ራሱ እንኳ እንዳያየው በዚህ ሁሉ ደግ ሐሳብ ሸፈነው።

ከዚያ ማሽኑን መልሶ ከፈተው።

እስከ መብራቱ ድረስ ፈቀፈቀው፤ በንጹሕ ጨርቅ ወልውሎም ፀሐይ ላይ አወጣው። ምንም የለም። መኪናው ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ነበር። «እጅህ ይባረክ» ብሎት ነጋዴው ሄደ።

ዘውድነሽ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ያየችውን ተናገረች። የገጨኝ ጥቁር መኪና ነው፤ ነጂው ቆሞ ወርዶ አይቶኛል፤ ከዚያ ተመልሶ ገብቶ ሄደ አለች። ጥቁር መኪና በከተማው ብዙ አልነበረም። በማግስቱ ትራፊክ ፖሊሶች የነጋዴው ግቢ ገብተው መኪናውን ዞረው ዞረው አዩት። አንዲት ሰንበር አላገኙበትም። ትናንት ፖሊሽ እንደተሠራ ሲሰሙ ወደ ሰውየው ሱቅ መጡ።

«ምን ነበረበት?» አሉት።

«የእጥበት ጭረት ነው፤ ያው ክብ ክቡ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አየህ፣ ማሽኑን መልሶ ሲከፍት ይህንንም አብሮ ተናግሮት ነበር። አሁን አፉ የደገመው ቀድሞ በእጁ የሠራውን ነው።

እንግዲህ የገጨ መኪና ከሌለ ሴትየዋ ወድቃ ነው ማለት ነው። ሠርክ የምትጠርገው መንገድ ላይ፣ ድንጋዩን ሁሉ የምታውቀው ቦታ ላይ፣ ምን አድርጋ ወደቀች? አንዱ ጠጥታ ይሆናል አለ። ሌላው ጠጥታ ነበር አለ። ሦስተኛው ድሮም ትጠጣለች፣ እኔ አውቃለሁ አለ። ወሬው አሠሪዎቿ ጆሮ ገባ፤ ሰክራ ነው የወደቀችው ተብሎ ሥራዋ ተወሰደ። በዕድሜዋ ጠላ እንኳ በበዓል ብቻ የምትቀምስ ሴት ናት።

ነጋዴው ቃሉን ጠበቀ። እውነቱን ለመናገር ምንም አላጎደለባትም። ደህና ሐኪም አመጣላት፤ ከሆስፒታል ስትወጣ አልጋና ፍራሽ ቤቷ ድረስ አስገባላት፤ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሳሙና ሳያቋርጥ ይልክላታል። ከተማውም እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው ይል ጀመር፤ ለማያውቃት ሴት፣ ያውም ስሙን ላጠፋች ሴት!

በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተማከሩና ትመርቀው ብለው ነጋዴውን ይዘው ወደ ቤቷ ሄዱ። ፖሊሽ ሠሪውም ጎረቤት ነውና አብሮ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ልጅቷ ከእናቷ ራስጌ ተቀምጣ ነበር። ዘውድነሽ ከስታ አጥንቷ ቀርቷል፤ ዓይኗ ግን ንቁ ነው።

«ይኸው፣ የረዳሽን ሰው አመጣንልሽ» አሏት። «መርቂው እንጂ።»

እሷ ነጋዴውን አየችው። «ሌሊት ቢሆንም አይቼሃለሁ» አለችው። «በላዬ ቆመህ ወይኔ ስትል ሰምቼሃለሁ። ስጠራህ ነው የሄድከው።»

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። ሕመሙ ነው የሚያናግራት አሉ። አንዱ ተቆጣት፤ «የሰው ውለታ እንዲህ ነው እንዴ የሚመለሰው?» አላት። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ «ተዉአት፣ ታማለች» አለ።

ያን ጊዜ ዘውድነሽ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየችው።

«አንተ አለህ» አለችው። «የዚህን ሰው መኪና በእጅህ ዳስሰኸዋል። እኔን ውሸታም ነሽ ብለውኛል፤ ሰካራም ነሽ ብለውኛል። እስቲ አንተ ንገራቸው። ምንም አልነበረበትም?»

ሁሉም ዞሮ እሱን አየው። አንዲት ቃል ነበር የሚበቃው። ሰውየው ግን እንዲህ አለ፦ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉት። ያለፈውን ማንሣት ምን ያደርጋል? ዋናው የእርስዎ መዳን ነው።»

ሽማግሌዎቹ ደግ ተናገረ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዘውድነሽ ረጅም ጊዜ ትክ ብላ አየችው። «ምን አደረገኝ ብዬ ነው ይቅር የምለው?» አለች። «ወደቀች ብላችኋል። የወደቀ ሰው ማንን ይቅር ይላል?»

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ጠብቀው፣ እሷ ባትመርቀውም እግዜር ያውቅልሃል ብለው ነጋዴውን ይዘው ወጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነጋዴው ከላከው እህል አልቀምስም አለች። ልጇ ከሥራ ስትመለስ የምታመጣላትን ትንሽ ትቀምሳለች፤ ያም እየቀነሰ ሄደ። ጀርባዋ በመተኛት ብዛት ቆሰለ። ቁስሉ አመረቀዘ። ሰው ሲጠይቃት አትመልስም፤ ለልጇ ብቻ ነበር የምትናገረው፣ እሱም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። «አልጠጣሁም እኮ፣ ልጄ» ትላለች። ልጅቷም «አውቃለሁ እማ» ትላታለች። ክረምቱ ሊገባ ሲል ዘውድነሽ ሞተች።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑን ያስተከለው ነጋዴው ነው። ከፊት ተቀምጦ ሰው ሁሉ እያጽናናው ነበር፤ እንደ ሟች ዘመድ። ፖሊሽ ሠሪው ከኋላ ተቀምጦ ይህን ሲያይ መቻል አቃተው። ብድግ አለና ሁሉንም ተናገረ። ጭረቱን፣ ብርቱካናማውን ጨርቅ፣ ጎሚስታው ሲመጣ ማሽኑን አጥፍቶ መልሶ እንደከፈተው፣ ለፖሊስ እንደዋሸ። አንዲት አላስቀረም።

ነጋዴው በቀስታ ተነሣ። «ሐዘን ነው» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ከእሷ ጋር ይዋደዱ ነበር። አልቀየመውም። መኪናዬ ውጭ ቆሟል፤ የተጠራጠረ ሄዶ ይየው።»

ጥቂት ሰዎች ወጥተው አዩት። ፀሐይ ነበር። ጎንበስ ብለው በጎን በጎኑ አዩት፤ በእጃቸውም ዳሰሱት። ተመልሰው ሲገቡ ምንም የለም አሉ። ሥራው እንዲህ ያማረ ነበር። ሰውየውን ሁለት ጎረምሶች ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት፤ አንዲት ሴትም አእምሮውን ነክቶት ነው ምስኪኑን ብላ ውኃ ሰጠችው።

ሰው ሲበተን የዘውድነሽ ልጅ ወደ እሱ መጣች። ትመታኛለች ብሎ ቀና አላለም።

«አምንሃለሁ» አለችው። «እኔ መቼ ተጠራጥሬ አውቃለሁ? መስማት የነበረባት እሷ ነበረች።»

ይህን ብላ ሄደች። ከዚያም ከተማውን ለቀቀች ይባላል። ነጋዴው እስከ ዛሬ ይከበራል። ዘውድነሽን የሚያስታውሳት ካለ፣ ሰክራ ቦይ ውስጥ የወደቀችው ጠራጊ ብሎ ነው የሚያስታውሳት። ሰውየውም ሥራውን ይሠራል፤ ሌላ ሙያ አያውቅም። ነገሩን ደጋግሞ ለሰው ያወራል፤ ሰውም እሺ፣ እሺ እያለ ያልፈዋል።

የኔታ እዚህ ላይ አቆሙ። ጌታሰው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ መሬት መሬት ያይ ነበር።

«ምን ማድረግ ነበረበት?» አለ።

«ማሽኑን ካጠፋው በኋላ አለመክፈት ነዋ። ከዚያ ወዲያማ ምን አቅም ቀረው?»

ሽማግሌው ወደ እሱ ዘንበል አሉ።

«ጌታሰው፣ አንተን የጠሩህ ለፖሊሽ ነው። ጭረቱ የሴትየዋ ክንድ ነው። ይቅር ተባባሉ ብለህ ስታለሳልሰው የባሏን ጥፋት የምትፍቀው እንዳይመስልህ፤ እሱ ምንም አይነካም፣ እንዳለ ነው። የምትፍቀው በዙሪያው ያለውን ነው። ያየችውን፣ የተናገረችውን፣ ወላጆቿ በእሷ ላይ የነበራቸውን እምነት እየፋቅህ፣ ሁሉም ከጥፋቱ ጋር እኩል እስኪሆን ዝቅ ታደርገዋለህ። ያን ጊዜ ቤቱ ያምራል። በበዓሉ ሰው ገብቶ ሲያየው ምንም አያገኝበትም። እሷ ግን ያንን ቤት ስትገባ ደረጃ ላይ የወደቀች ሴት ሆና ነው የምትገባው። ነገ አንገቷን ቢይዛትና ብትጮህ፣ ማን ያምናታል? ያኔም ወደቀች ብለው የመሰከሩት ሽማግሌዎች አሉ፤ አንተም አንዱ ነህ።»

«እንግዲያ እርቁ ይቅር ነው የሚሉኝ?»

«እርቅ መቼ ተባልክ ገና? የተባልከው አሳምር ነው። ሽማግሌ ሆነህ ከመቀመጥህ በፊት ሂድና ሴትየዋን ለብቻዋ ጠይቃት። የምትነግርህን እስከ መጨረሻው ስማ፤ አታቋርጣት። ከዚያ በሁለቱ ቤተሰቦች ፊት ባልየውን፣ ክንዷን ማን ሰበረው በለው። እኔ ነኝ ካለ ሽምግልናው ያን ጊዜ ይጀመራል፤ መመለስም አለመመለስም የእሷ ነው። ደረጃ ነው ካለ ተነሥተህ ውጣ። ስትወጣም ለምን እንደወጣህ ጮክ ብለህ ተናገር፣ እሷ በምትሰማበት።»

ጌታሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የአክስቱ ፊት ትዝ አለው መሰል፣ ቅንድቡን ቋጠረ።

«ዘመዶቼ ይቀየሙኛል፣ የኔታ።»

«ይቀየሙህ» አሉት።